ፓራውልቱ ከተሰነጠቀ በኋላ

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት መኪኖች ሲነካኩ ሾፌሮቹ በር ከፍተው ሳይወርዱ እግረኛው ይከባቸዋል። የፊተኛዋ መኪና የኋላ ፓራውልት ተሰንጥቋል፤ የኋለኛዋ ኮፈን ተሸብሽቧል፤ የፍሬቻ ስባሪ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሽምግልናው ወዲያው ይጀመራል፦ «ሰው ከተረፈ ብረት ምን ይደረጋል? ተስማሙና መንገዱን ልቀቁ።» የኋለኛው ሾፌር ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ትራፊክ ጠርተን አንጉላላ፤ ጋራዥ ውሰዳትና ሒሳቡን እኔ እችላለሁ» ይላል። ስልክ ይለዋወጣሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ ይለያያሉ።

ይህን ሽምግልና ማንኳሰስ አልፈልግም። በየቀኑ ስንትና ስንት ጭረት በዚህ መንገድ ያልቃል፤ ባያልቅ የከተማው መንገድ ባልተንቀሳቀሰ ነበር። ችግሩ አስፋልት ላይ ቆሞ የሚገመተው ጉዳት ዓይን ያየው ብቻ መሆኑ ነው። ፓራውልት ፕላስቲክ ነው፤ ሲመታ ገባ ብሎ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ከጀርባው ያለው ብረት መጎበጡ፣ የፓርኪንግ ሴንሰሩ ገመድ መበጠሱ፣ የኋላው በር ከመዝጊያው ጋር አለመገጣጠሙ የሚታወቀው ጋራዥ ገብቶ ሲፈታ ነው። ከፊት ሲሆን ደግሞ ራዲያተሩ ትንሽ ተላቆ ውኃ የሚያንጠባጥበው በማግስቱ ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ በ5,000 ብር የተጨበጠው ስምምነት ጋራዥ ውስጥ 30,000 ሆኖ ሲገኝ «ወንድሜ» ያለው ሰው ስልክ ማንሳት ያቆማል። ያኔ ወደ ኢንሹራንስ ቢኬድም ባዶ እጅ ነው፤ ትራፊክ አልመጣም፣ ፕላን አልተነሳም፣ መኪናዎቹ እንዴት እንደቆሙ የሚያሳይ ፎቶ የለም።

ኢንሹራንስ ቤት ውስጥ «ክሌም» የሚባለው የካሳ ጥያቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጽሑፍ የሚሄድ ነገር ነው። አንድ ወረቀት ሌላውን ይጠራል፤ አንዱ ከጎደለ ቀጣዩ ይቆማል። ባለመኪናዎች ብዙ ጊዜ ገንዘባቸውን የሚያጡት ኩባንያው ስለጨከነባቸው ሳይሆን ከነዚህ ወረቀቶች አንዱን ሳያነቡ ስለፈረሙ ወይም በጊዜው ስላላስያዙ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ መንገዱን ከግጭቱ ጀምሮ እንከተለው።

መጀመሪያ መለየት ያለበት የትኛው መድን እንደሚከፍል ነው። መንገድ ላይ የሚወጣ መኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገደደው በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ሲሆን፣ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተክቷል። ይህ ሽፋን ባለመኪናው በሌላው ላይ ላደረሰው ጉዳት እንጂ ለራሱ መኪና አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ጣሪያም አለው። አዋጁ ሲወጣ ለንብረት ጉዳት የተቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር፤ በዛሬ የመለዋወጫ ዋጋ የአንድ አዲስ መኪና የፊት መብራትና ኮፈን ብቻ ይህን ሊያልፍ ይችላል። ከጣሪያው በላይ ያለው ከአጥፊው ኪስ ነው። የራስን መኪና የሚያሠራው በተለምዶ «ፉል ኢንሹራንስ» የምንለው ሙሉ ሽፋን ነው፤ ይህ ግን ግዴታ አይደለም፣ ውል ነው።

ይህንን ውል መግዣ በር ለረጅም ጊዜ አንድ ብቻ ነበር። 13 የግል ኩባንያዎች በ1967 ዓ.ም ከተወረሱ በኋላ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻውን ሠራ፤ በ1986 ዓ.ም የግል ኩባንያ ሲፈቀድ አዋሽ፣ ኒያላ፣ ናይል፣ አፍሪካና ሌሎችም መጡ። ተቆጣጣሪያቸው ብሔራዊ ባንክ ነው። ዛሬ ሰው የሚያማርጠው በዓረቦን ርካሽነት ነው። እኔ ብጠየቅ ከመግዛት በፊት የምጠይቀው የሽያጭ ሠራተኛውን ሳይሆን የሰፈሩን ላሜሪስት ነው። የትኛው ኩባንያ የጋራዥ ሒሳብ ቶሎ እንደሚለቅ፣ የትኛው ለወራት እንደሚያጓትት ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ወደ አስፋልቱ እንመለስ። ብዙ ሾፌር ከኋላ የመታ ሁሉ በሕግ በራሱ ጥፋተኛ የሚሆን ይመስለዋል። ትራፊኩ ርቀት አልጠበቅህም ብሎ ሊጽፍበት ይችላል፤ የካሳው ሕግ ግን ከሌላ ቦታ ነው የሚነሳው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። በአንቀጽ 2084 ደግሞ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፤ ጠቅላላው ጉዳት ይደመርና እያንዳንዱ ባለቤት ግማሹን ይሸከማል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሾፌር ጥፋት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ማስረጃ ያልያዘ ሰው ቆሞ ቢመታም ግማሹን የመሸከም አደጋ አለበት ማለት ነው። የትራፊኩ ፕላን፣ የምስክር ስልክ ቁጥርና ፎቶ ዋጋቸው እዚህ ላይ ነው።

ፎቶው መኪኖቹ ሳይንቀሳቀሱ መነሳት አለበት። የተሰበረውን ቦታ ብቻ አቅርቦ ማንሳት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ እሱ አይበቃም። ራቅ ብሎ ሁለቱንም መኪና፣ የመንገዱን ቀለም፣ የጎማውን አቅጣጫ፣ በአቅራቢያ ያለ ሕንፃ ወይም የመንገድ ምልክት፣ ሁለቱንም ታርጋ የሚያሳይ ያስፈልጋል። የሌላውን ሾፌር መንጃ ፈቃድና የኢንሹራንስ ሰርተፍኬት በስልክ ማንሳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የመድኑን ስቲከር መስታወቱ ላይ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ይችላል።

ትራፊኩ ሲመጣ በሜትር ይለካል፤ ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ጎማው፣ የፍሬን ምልክት ካለ ርዝመቱን፣ ስባሪው የወደቀበትን። ፕላኑን ያነሳል፣ የሁለቱንም ቃል ይጽፋል። ሾፌሩ ይህን ከመፈረሙ በፊት ደፍሮ ማየትና «ይቺ መስመር በኔ በኩል ነበረች» ማለት መብቱ ነው። ከፈረመ በኋላ የሚደረግ ክርክር ብዙ ያደክማል።

እዚህ ላይ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ» የሚለውን ነገር ላንሳ፤ ጨዋነት ነውና ማንም ክፉ ነገር አያይበትም። ለፖሊስ የሆነውን በእውነት መናገር ግዴታ ነው። ነገር ግን የመኪና ፖሊሲዎች በተለምዶ መድን ገቢው ያለ ኩባንያው ፈቃድ ኃላፊነት እንዳይቀበል፣ ካሳ እንዳይከፍል ወይም ለመክፈል ቃል እንዳይገባ የሚከለክል አንቀጽ አላቸው። በገዛ ኪሱ ሊከፍል ላሰበ ሰው ችግር የለውም። ሒሳቡ ከበደኝ ብሎ በኋላ ወደ ኢንሹራንሱ የሚሄድ ሰው ግን ያ የመንገድ ላይ ቃል ይጠብቀዋል። «ኢንሹራንስ አለኝ፣ የሚገባህን እነሱ ያዩልሃል» ማለት ክብር አይቀንስም።

ቀጥሎ ለኩባንያው ማሳወቅ ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 670 መሠረት መድን ገቢው አደጋው መድረሱን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ አለበት። ፖሊሲው ራሱ የሚለውን ደግሞ ያንብቡት፤ «ወዲያውኑ» የሚሉ አሉ። ለሚያጋጥሙኝ ሰዎች ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለ። ክሌም ለማቅረብ ባያስቡም፣ በስምምነት ቢለያዩም ያሳውቁ። በሰላም የተለያችሁት ሰው ከወር በኋላ አንገቴን አመመኝ ብሎ ወይም የሒሳብ ወረቀት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ቀን ኩባንያው ስለ አደጋው ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ ብቻዎን ነዎት።

ክሌም ክፍሉ የሚሰጠው ቅጽ ረጅም ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ይነዳ እንደነበር፣ መኪናው ለምን ሥራ እንደወጣ ይጠይቃል። የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች፤ ብዙ ክሌም የሚወድቀው ግን እሷ ላይ ነው። ለግል አገልግሎት ተብሎ የተገባ መድን መኪናው ሰው በክፍያ ሲያመላልስ ለደረሰ ጉዳት ላይከፍል ይችላል። በትርፍ ሰዓቱ በስልክ እየተጠራ ታክሲ የሚሠራ ባለመኪና ይህን አስቀድሞ ለኩባንያው ነግሮ ተጨማሪ ዓረቦን መክፈል ነበረበት። መንጃ ፈቃዱ ጊዜው ካለፈበት ወይም ለዚያ ዓይነት መኪና ካልሆነም እንደዚሁ። ከቅጹ ጋር የመንጃ ፈቃዱ፣ የሊብሬውና የፖሊስ ሪፖርቱ ኮፒ ይያያዛል። ሪፖርቱን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ኩባንያው ለትራፊክ ፖሊስ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ደብዳቤውን ተከታትሎ ማድረስ ከባለመኪናው ይጠበቃል።

ከዚያ ጉዳቱን ለኩባንያው የሚመረምረው ሰርቬየር ይመጣል። በዚህ መንገድ ላይ እንደሱ የሚያጓጓኝ ባለሙያ የለም። መኪናዋን ከሩቅ ይዞራታል፤ ከዚያ ቁጢጥ ይልና የስልኩን መብራት ከፓራውልቱ ሥር ያበራል። በፓራፋንጎውና በስፖርቴሎው መሐል ያለውን ክፍተት በጣቱ ይከተላል፤ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ብረቱ ተንቀሳቅሷል። ጭረቱ ውስጥ ዝገት ካየ ያ ጭረት የትላንት አይደለም፤ ከዝርዝሩ ያወጣዋል። የጭረቱን ከፍታ ከመሬት ይለካል፤ የመታው መኪና አፍንጫ ከዚያ ከፍታ ጋር ካልገጠመ ጥያቄ ያነሳል። ተላቆ የተለጠፈ የሌላ መኪና ቀለም ካገኘ ደግሞ ታሪኩን ያጸናለታል። የፊት መብራት መስታወቱ ደህና ሆኖ ከኋላ መያዣ ጆሮው ተሰብሮ እንደሆነ ለማየት ወዝወዝ ያደርገዋል።

በእያንዳንዱ ዕቃ አንጻር የሚጽፈው «ይቀየር» ወይም «ይጠገን» የሚል ነው፤ የካሳው ግማሽ የሚወሰነው በነዚህ ቃላት ነው። በሙቀት ተቃንቶ የተበየደ ፓራውልትና አዲስ ፓራውልት በዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ባለመኪናው በዚያ ሰዓት እዚያው መገኘት አለበት። ከግጭቱ በኋላ የሰማውን ድምፅ፣ መሪው መሳቡን፣ የኋላው በር አልዘጋ ማለቱን ይንገረው፤ ሰርቬየሩ ቆማ ያገኛትን መኪና ያያል እንጂ አልነዳትም።

አሁን ወደ ዋናው ቁስል ደረስን፣ ብዙ ሰው የሚያዝንበት። ባለመኪናው መኪናውን በ2013 ዓ.ም በ900,000 ብር ገዛ እንበል፤ መድኑንም በዚያው ዋጋ ገባ፤ በየዓመቱ ያንኑ ቁጥር እያደሰ ዓረቦን ከፈለ። የዛሬ የገበያ ዋጋዋ 2,700,000 ብር ነው እንበል። አደጋ ደረሰና ጥገናው 90,000 ብር ተገመተ። እሱ 90,000 ይጠብቃል፤ ኩባንያው 30,000 ነው ይለዋል። ስድብ ይመስለዋል። ግን የንግድ ሕጉ ራሱ፣ ንብረቱ አደጋው በደረሰ ቀን ያለው ዋጋ ከተገባለት መድን በላይ ከሆነ ባለንብረቱ ለልዩነቱ የራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል ይላል። መኪናዋ በሲሶ ዋጋዋ ነው የተመዘገበችው፤ ስለዚህ ጉዳቱም በሲሶው ይከፈላል። ከዚያም ላይ በፖሊሲው መሠረት ባለመኪናው ራሱ የሚችለው የመጀመሪያ ድርሻ ይቀነሳል።

ይህ ነገር ባለፉት ዓመታት ክፉኛ ጎድቶናል። በ2016 ዓ.ም ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ተመን ለገበያ ለቀቀ። የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ በየወሩ ሲራመድ ፖሊሲው ላይ ያለው ቁጥር ባለበት ቆሞ ነበር። ኩባንያዎቹ በዕድሳት ጊዜ ይህን ለደንበኛው ቁጭ አድርገው በምሳሌ ማስረዳት ነበረባቸው፤ ብዙዎቹ ዓረቦኑ ሲጨምር ደንበኛው እንዳይሸሽ ፈርተው አሮጌውን ቁጥር ዝም ብለው ያድሳሉ። ለዚህ ዝምታ ይቅርታ ማድረግ ያስቸግረኛል። ባለመኪናው ግን ዕድሳቱን ሳይጠብቅ፣ በዓመቱ መሐልም ቢሆን የመኪናውን ዋጋ ከፍ አድርጉልኝ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅና የቀሪውን ጊዜ ልዩነት መክፈል ይችላል።

ሰርቬየሩ ጉዳቱን ከዘረዘረ በኋላ ጋራዥ ይመረጣል። በተለምዶ ከሁለት ሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ ይሰበሰብና ዝቅተኛው ያሸንፋል። ዝቅተኛ ያቀረበው ጋራዥ ዕቃውን ከየት እንደሚያመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከሶማሌ ተራ የሚገዛ ያገለገለ ፋናል ከፋብሪካ የወጣ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ በሌላ ድርጅት የተሠራና ጠርዙ የማይገጥም ሊሆን ይችላል። ፕሮፎርማው ላይ የዕቃው ዓይነት ካልተጻፈ በኋላ ለመከራከር መሠረት የለም።

ላሜሪስቱ ፓራውልቱን አውርዶ ከጀርባው የጎበጠ ብረት ካገኘ ሥራው መቆም አለበት። ተጨማሪ ጉዳት መገኘቱ ለኩባንያው ይነገራል፣ ሰርቬየሩ ተመልሶ ያያል፣ ተጨማሪ ትእዛዝ ይጻፋል። «አንዴ ከፈታነው እንጨርሰው» ብሎ የሠራ ጋራዥ ያንን ሒሳብ ከባለመኪናው ይጠይቃል፤ ኩባንያው ያላየውን ጉዳት ላለመክፈል ምክንያት አለውና። የተቀየረው አሮጌ ዕቃም መጣል የለበትም፤ አዲሱን የከፈለበት ኩባንያ ሳልቬጅ ብሎ ይረከበዋል።

ጉዳቱ ትንሽ ሲሆን ክሌም ማቅረብ ራሱ ያዋጣል ወይ የሚለው መታሰብ አለበት። ስፖኪዮ ተሰብሮ ማሠሪያው 12,000 ብር ነው፤ ፖሊሲው የመጀመሪያውን 5,000 ብር ባለመኪናው ይችላል ይላል እንበል። የሚገኘው 7,000 ነው። በዚያ ዓመት ክሌም ባለማቅረቡ በዕድሳት ጊዜ ያገኝ የነበረው ቅናሽ 8,000 ብር ከሆነ ያን ሁሉ ተመላልሶ አንድ ሺህ ብር ከሰረ ማለት ነው። በኩባንያው ጠረጴዛ ላይ ይህን ስሌት ማንም አይሠራለትም፤ የራሱን ፖሊሲ ይዞ ቤቱ መሥራት አለበት። ጥፋቱ የሌላው ሰው ከሆነ ሒሳቡ ይለወጣል። በዚያን ጊዜ ባለመኪናው የፖሊስ ሪፖርቱን ይዞ በቀጥታ ወደ አጥፊው መድን ሰጪ መሄድ ይችላል። ሙሉ ሽፋን ካለው ደግሞ የራሱ ኩባንያ ከፍሎት፣ በሱ እግር ተተክቶ የከፈለውን ከአጥፊው ይጠይቃል። ለዚህ ነው መንገድ ላይ «ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎ ወረቀት መፈረም የማይገባው፤ ይቅር የተባለው ገንዘብ ኩባንያው ሊጠይቀው የነበረው ነው፣ ኩባንያውም ያን ምክንያት አድርጎ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል።

መኪናዋ ከጋራዥ ስትወጣ በቀን ብርሃን ትታይ፤ ማታ በአምፖል ሥር የተመሳሰለ ቀለም ጠዋት ፀሐይ ላይ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ኩባንያው ክፍያውን ሲጨርስ ጥያቄዬ በሙሉ ተከፍሎኛል የሚል ወረቀት ያስፈርማል። ይህ ከፈተናው በፊት አይፈረም። መሪው ቀጥ ብሎ መሄዱ፣ በሮቹ ሳይገፉ መዘጋታቸው፣ ፍሬቻውና ሴንሰሩ መሥራታቸው መጀመሪያ ይታይ። የቀረ ነገር ካለ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ።

ኩባንያው አልከፍልም ካለ ምክንያቱን ፖሊሲው ላይ ካለው አንቀጽ ጋር በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቅ። በቃል የተነገረ እምቢታ ለማንም አይታይም። በጽሑፍ የተሰጠው ግን ለኩባንያው የበላይ ኃላፊ፣ ለብሔራዊ ባንክ፣ ፖሊሲው በሚያዘው መሠረት ለግልግል ዳኛ ወይም ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በንግድ ሕጉ አንቀጽ 674 መሠረት በ2 ዓመት ይታገዳል፤ የሚቆጠረውም አደጋው ከደረሰበት ወይም ባለጉዳዩ ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። «ነገ ተመለሱ» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ከዚያ ላይ ይቀነስልኛል ብሎ መተማመን አይገባም።